ጀርባዬ ላይ የተሰፋችው ፀሐይ

መቶ ሰማንያ ዶላር! ለተቀደደ የጂንስ ጃኬት! አፍንጫዬን መስተዋቱ ላይ አስጠግቼ ዋጋውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት። ያው ነው። ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ፣ ድሮ የልብስ ማጠቢያ ቤት በነበረበት ጥግ አንዲት ትንሽ ሱቅ ተከፍታለች፤ የምትሸጠውም አሮጌ ልብስ ነው። አሮጌ መሆኑ አይደለም ያናደደኝ፤ እኛም ስንመጣ የለበስነው አሮጌ ነው። ያናደደኝ ቀዳዳውን እንደ ጌጥ ማሳየታቸው ነው። የጃኬቱ ክርን በቢጫ ክር፣ ኪሱ በቀይ ክር፣ አጠገቡ የተሰቀለው ሱሪ ደግሞ ጉልበቱ በነጭ ክር ተዥጎርጉሮ «እዩልኝ፣ እዚህ ጋ ተቀድጄ ነበር» ይላል። እኔ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሰው ቀዳዳ ስደብቅ የኖርኩ ሴት ነኝ። እስቲ አሁን ይሄ ያናድዳል አያናድድም?

እያጉረመረምኩ ልሄድ ስል ጃኬቱ ማንጠልጠያው ላይ ቀስ ብሎ ዞረና ጀርባውን ሰጠኝ። ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ፀሐይ አለች፤ የሲኒ ማስቀመጫ የምታክል፣ ዙሪያዋን ጨረር የተሰፋላት። እግሬ እዚያው ቀረ። ስፌቱን አወቅሁት። የሰው የእጅ ጽሑፍ እንደሚታወቅ ስፌትም ይታወቃል። ይሄ የሰንሰለት ስፌት ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የሰፋችው ግራኝ ናት። ጫፉ ላይ ክሩ አይቋጠርም፤ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ይመለስና ይጠፋል። እንደዚህ የሚሰፋ ሰው በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ነው፤ ጥሩወርቅን። ከእሷ ጋር ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በቀር ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

ጥሩወርቅና እኔ ከሱዳን በኩል በአንድ አውሮፕላን መጥተን፣ ከዚህ ሱቅ ሦስት ብሎክ ወደ ላይ በአንድ አፓርታማ የኖርን ሰዎች ነን። ዓመቱን በትክክል አትጠይቁኝ፤ ያኛው መንግሥት ሊወድቅ ሲል ነው ወይ ወድቆ፣ ብቻ እዚያ ላይ ነው። ዋጋውን ግን ጠይቁኝ። ኪራያችን ሦስት መቶ ሰባ አምስት ዶላር ነበር፤ አንድ መኝታ ቤት፣ የማይዘጋ መስኮት፣ ሲከፈት የሚያቃስት ፍሪጅ። ያኔ ቴሜስካል አንድ ጭልፋ አይስክሬም በሰባት ዶላር የሚሸጥበት ሰፈር አልነበረም። የጎማ መጠገኛ ነበረ፣ ቪዲዮ የሚያከራይ ነበረ፣ የእኛ ሰው ምግብ ቤት አንድ ሁለት ነበረ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ ይሄው ማጠቢያ ቤት። እሑድ ከሰዓት ልብሳችንን በትራስ ጨርቅ ጠቅጥቀን እየተሸከምን እንመጣና፣ ሳንቲም እንዲቆጠብልን ብለን ነጩንም ቀዩንም ባንድ ማሽን እናስገባለን። ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ያን ክረምት ከላይ ምንም እንልበስ ምን፣ ከውስጥ ሁለታችንም ሮዝ ነበርን።

ማሽኑ እስኪጨርስ አሮጌ ቴፓችንን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ካሴት እንሰማለን። ቴፑ ካሴት ይበላል፤ ጥሩወርቅ ክሩን ከአፉ መንጭቃ ታወጣና በእርሳስ ታጠነጥነዋለች፤ ከዚያ ዘፋኙ ያው ቦታ ሲደርስ ድምፁ ይወላገዳል፤ እኛም ሲወላገድ አብረን እየተወላገድን እንዘፍናለን። አጠገባችን የሚያጥበው ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ዘፈኑ እንደዚያ የተሠራ መስሎት በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ ያጅበን ነበር። ልብሳችንስ ብትሉ! ትከሻው ስፖንጅ የተሞላ ሸሚዝ፣ ወገቡ እምብርት የሚያልፍ ሱሪ። የዚያን ጊዜ ፎቶ ሳይ ሁለት ቁምሳጥን ጎን ለጎን የቆሙ ነው የምንመስለው። ግን ደስ ይል ነበር። ዛሬ ልጄ የምትገዛልኝ ሹራብ ለስላሳ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሙቀት አለው፤ ያንን ደስታ ግን የለውም፤ ምን ላድርግ።

ከዚያ ሁሉ አንድ ደህና ልብስ ነበረን፤ ኮቱ። በመጀመሪያ ደሞዜ ነው የገዛሁት፣ እዚሁ ሰፈር ከያርድ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ አውጥቶ ከሚሸጥበት። ሌላው ዕቃ ሁሉ በሃምሳ ሳንቲም ሲሸጥ ለእሱ አሥራ ሁለት ዶላር አሉኝ፤ ተከራክሬ አቃተኝና ሰጠሁ። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ ገበሩ ሳቲን፣ ቁልፎቹ ትልልቅ። የገዛሁት እኔ ብሆንም የምንለብሰው ሁለታችን ነን። ሠርግ ያለባት ትለብሰዋለች፤ ኢንተርቪው ያለባት ትቀድማለች። ጥሩወርቅ አጭር ናት፤ እሷ ስትለብሰው ቁርጭምጭሚቷ ይደርሳል፣ እኔ ስለብሰው ጉልበቴ ላይ ይቀራል። ሰው የየራሳችን ኮት ያለን እየመሰለው «ተመሳሳይ ገዛችሁ እንዴ?» ይለን ነበር፤ እኛም «አዎ፣ ቅናሽ ነበር» እንላለን።

ስፌት ሁለታችንም እንችላለን፤ አንድ ላይ ግን አንገናኝም። እኔን ያስተማረኝ ልብስ ሰፊ አጎቴ ነው። አጎቴ የነጣ ኮት በሙሉ ፈትቶ፣ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጦ አዲስ አድርጎ የሚሰፋ ሰው ነበር። የተገለበጠ ኮትን የሚያጋልጠው የደረት ኪሱ ወደ ቀኝ መዞሩ ብቻ ነው፤ አጎቴ እሱንም ደፍኖ በግራ በኩል አዲስ ያወጣለታል። «የእኛ ሥራ ማንም ያላየው ሥራ ነው» ይለኝ ነበር። እኔም እንደዚያው ሆንኩ። ቀዳዳ ሳይ ከዚያው ልብስ እጥፋት ውስጥ ክር መዝዤ፣ አንዱን በላይ አንዱን በታች እያሳለፍኩ እንደ ሸማኔ እሸምነዋለሁ፤ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ካውያ ሲያርፍበት ደህና ሰንብት፣ ጠፋ። ጥሩወርቅ ደግሞ ጥልፍ ጠላፊ ነበረች፤ ስንት ሙሽራ ያለበሰች። ክር ተደብቆ ማየት ያማታል። የተቀደደ ካልሲዋ ላይ ሳይቀር ቀይ አበባ ትጠልፍበታለች። «ካልሲ ውስጥ ማን ያይልሻል?» ስላት «እኔ አየዋለኋ፣ ጫማዬን ሳወልቅ» ትለኛለች።

አንድ ቅዳሜ የሰፈራችን ልጅ ክርስትና ተጠራን። ቤተክርስቲያን ገና አልነበረንም፤ ከአሜሪካኖች አዳራሽ ተከራይተን፣ እነሱ እሑድ ስለሚገለገሉበት እኛ ቅዳሜ ጠዋት ነው የምናስቀድሰው። አዳራሹ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ፤ ሁላችንም ጧፍ አብርተን ተጠጋግተን ቆመናል። ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ደወል በየመሃሉ ይጮኻል፤ አንዱ ዲያቆን ወንበር ላይ ወጥቶ በነጠላው ያራግበዋል፤ ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ቄሱ ከደወሉም ከሕፃኑም ሊበልጡ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ኮቱን የለበስኩት እኔ ነኝ። ጥሩወርቅ ከኋላዬ ቆማ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገችኝ፤ ደወሉ አስቋት መሰለኝና ዞር ብዬ ፈገግ አልኩላት። ቤት ገብቼ ሳወልቀው ነው ጉዱን ያየሁት። ከትከሻው ዝቅ ብሎ የሃያ አምስት ሳንቲም ስፋት ያለው ቀዳዳ፣ ዙሪያው የተኮማተረ፣ ስታሸቱት የተቃጠለ ጸጉር ጸጉር የሚል። እንዴት እንደጮህኩ! «እጁ ይሰበር! ጧፍ መያዝ የማይችል ለምን ይመጣል!» ጥሩወርቅ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «ያ ሁሉ ሰው፣ ማን ያውቃል» ብላ መላጧን ቀጠለች። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም፤ የሕፃኑን አያት ሁሉ ጠርጥሬያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በዚያው ሰሞን መሃል ኦክላንድ ያለ አንድ ድራይ ክሊነር ልብስ አስተካካይ ይፈልጋል የሚል ወሬ ሰማሁ። ያኔ የማጸዳው ሆቴል ነበር፤ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሷል። ሄጄ ጠየቅሁ። ባለቤቷ ኮሪያዊት ናት፣ በዕድሜ ጠና ያለች፣ እንግሊዝኛዋ ከእኔ የማይሻል። «ሰኞ ነይ፤ የሠራሽውን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። የሠራሁትን? ምን አለኝና? ወዲያው ኮቱ ትዝ አለኝ። እሑድ ከሰዓት ቀዳዳውን ልክ እንደ አጎቴ አድርጌ እደፍነዋለሁ፤ ለብሼው እገባለሁ፤ ከዚያ «የት ጋ ነው የተቃጠለው? ፈልጊው» እላታለሁ። ለጥሩወርቅ አልነገርኳትም። ሥራ ሳልይዝ ማውራት አልወድም፤ ሳይሆን ቢቀር ማፈሩ ይገድለኛል።

እሑድ ከሺፍት ስገባ ጥሩወርቅ ኮቱን በሁለት እጇ ዘርግታ መሃል ቤት ቆማለች። ጀርባው ላይ ፀሐይ ወጥታለች! ብርቱካን ክር፣ ሰንሰለቱ በሰንሰለት ላይ እየዞረ፣ የተቃጠለው ቦታ መሃሏ ገብቶ፣ ጨረሯ እስከ ትከሻ። ሦስት ቀን ፈጅቶባታል፤ እኔ ሥራ ስገባ እያወጣች፣ ስመጣ አልጋ ስር እየደበቀች።

«ልበሺው እስኪ» አለችኝ። ፊቷ በርቷል።

«ምንድነው ይሄ?»

«ፀሐይ ናታ! አታምርም? ልበሺውና የምነግርሽ ነገር አለኝ።»

«ነገ ሰው ፊት ድሪቶ ለብሼ ልቁም? ለማኝ ልታስመስይኝ ነው?» አልኩና መቀሱን አነሳሁ። እዚያው፣ ዓይኗ እያየ፣ ተረተርኩት። የሦስት ቀኑን ሥራ በአንድ ሰዓት አፈረስኩት። አልከለከለችኝም። የሚወድቀውን ክር ከወለሉ እየለቀመች ጣቷ ላይ ስትጠቀልል አያታለሁ፤ እያየሁም መተርተሬን አላቆምኩም። የምትነግረኝን ነገር ምን እንደሆነም አልጠየቅኳትም። ከዚያ ክር መዘዝኩና ቀዳዳውን እንደለመድኩት ሸመንኩት።

ሰኞ ኮሪያዊቷ ኮቱን ተቀበለችኝ። አገላበጠችው፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ መስኮቱ ጋ ወስዳ ለብርሃን ሰጠችው። «ዌር?» አለች፣ የቱ ጋ ነው ማለቷ ነው። አሳየኋት። እንደገና ዳሰሰችና ከት ብላ ሳቀች። «ነገ ጠዋት በሰባት ሰዓት» አለችኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ያኖረኝ፣ ልጄን ኮሌጅ ያስገባልኝ፣ ወገቤን ያዳነልኝ ሥራ በዚያች ቀዳዳ ነው የተገኘው። ስለዚህ ስንት ዓመት ሙሉ «አጥፍቻለሁ» ልል እልና መልሼ «ባልተረትረው ኖሮስ?» እላለሁ። ፀሐይ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ብገባ ሴትየዋ ትቀጥረኝ ነበር? አላውቅም። ይሄንን የሚመልስልኝ ሰው የለም።

ወር ሳይሞላ ጥሩወርቅ «ሳን ሆዜ አዛውንት የመንከባከብ ሥራ አገኘሁ፣ ማደሪያም አለው» አለች። ደስ አለኝ አልኳት። ኮቱን ውሰጂው አልኳት። «ያንቺ ነው» አለችኝና ሁለት ሻንጣ ይዛ ሄደች። አቃስቶ የሚከፈተው ፍሪጅ፣ እሱና እኔ ቀረን። የሄደችው በዚያች «ድሪቶ» በምትል ቃል ነው ብዬ አመንኩ፤ ሙያዋን፣ ሙሽራ ያለበሰችበትን እጅ፣ የለማኝ ሥራ አልኩባት። ቂም ይዛለች፤ ትያዝ፣ እውነቷን ነው። እኔ ደግሞ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ቆየ፣ ቀጥሎ በጣም ቆየ። ሠርግ ላይ እንገናኛለን፣ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን። «ደህና ነሽ?» «ይመስገን፣ አንቺስ?» «ይመስገን።» አለቀ። ባሌ የሞተ ጊዜ መጥታ ሦስት ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ሄዳለች፤ ልጇ ሲመረቅ ሄጄ በር ላይ ስሜያት ተመልሻለሁ። የንስሐ አባቴ በየዓመቱ «የተቀየምሽው፣ የተቀየመሽ ሰው አለ?» ይሉኛል። «ከማንም አልተጣላሁም አባ» እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም። ተጣልተን ቢሆን ኖሮማ ሽማግሌ ይገባ ነበር።

ይሄን ሁሉ አስታውሶኝ ነው እንግዲህ ያ ጃኬት ሱቅ በር ላይ ያቆመኝ። ገባሁ። ፀጉሯን ሰማያዊ የተቀባች ልጅ ባንኮኒው ጋ ቆማለች፤ ግንባሯን ሳየው የእኛው ናት። «ሐበሻ ነሽ?» አልኳት። «የስ! ሊያ እባላለሁ። አማርኛዬ ግን ሶ ባድ ነው፣ ሶሪ» አለችኝ። ጃኬቱን በጣቴ እያሳየሁ ማን እንደሰፋው ጠየቅኳት።

«ኦ ማይ ጋድ፣ እትዬ ጥሩ! ቲቸራችን ናት። ሳን ሆዜ ኤቭሪ ሳተርደይ ክላስ አላት፤ የተቀደደ ልብስ ይዘን እንሄዳለን፣ ሺ ሾውስ አስ። ያውቋታል?»

«አውቃታለሁ» አልኩ።

«እንግዲህ በዚህ ሳተርደይ ይምጡ፣ ኢትስ ኸር ላስት ክላስ። ዳላስ ሙቭ ልታደርግ ነው፣ ልጇ ጋ። የቤት ረንቱ ቱ ማች ሆነባት።»

ቀኑ ሐሙስ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሳን ሆዜ ናት፣ የትም አትሄድም፣ አንድ ቀን እሄዳለሁ ስል የኖርኩት ሴትዮ በሁለት ቀን ውስጥ ካላገኘኋት አመለጠችኝ። ዳላስ ሄዳ በሠርግ አላገኛትም፣ በለቅሶ አላገኛትም። ምናልባት አንዷ ስትሞት ሌላዋ በስልክ ትሰማ ይሆናል። ሱቁ ውስጥ ወንበር ለመንኩና ተቀመጥኩ፤ ልጅቷ ደንግጣ ውኃ አመጣችልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሜሮን ወሰደችኝ። ሜሮን ፕሌዘንተን ከተማ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ አማርኛ አንድ ሳይቀራት ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። መንገድ ላይ ታሪኩን ነገርኳት። «ማሚ፣ ኢትስ ጀስት አ ኮት» አለችኝ። «ኮት አይደለም!» ብዬ ተቆጣሁ። «ዜን ዋት ኢዝ ኢት?» ታዲያ ምንድነው ስትለኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ፍሪሞንት ከተማን እንዳለፍን «መልሺኝ፣ አልሄድም» አልኳት። «ኖ» አለች፣ መሪውን ይዛ ፊት ፊቷን እያየች። ግትርነቷ የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ረጃጅም ጠረጴዛ፣ ወጣት ወጣት ልጆች፣ ሁሉም የተቀደደ ነገር ይዘዋል። ካልሲ፣ የተበላ ሹራብ፣ ጉልበቱ ያለቀ ሱሪ። ሊያም ከነሰማያዊ ፀጉሯ አለች። ጥሩወርቅ በመካከላቸው ትዞራለች። ሸብታለች፤ መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የባሰ አጥራለች። «ዶንት ሃይድ ኢት፣ ማይ ዲር» ትላለች፣ የአንዱን ልጅ እጅ ይዛ። «ክሩ እንዲታይ፣ ሌት ኢት ቶክ።» እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ፣ አንገቴን ደፋሁ። ለካ ሁሉን ሳስብ የሚጠገን ልብስ መያዝ ረስቻለሁ። በየጠረጴዛው እየዞረች እየዞረች ደረሰችብኝ። አቀርቅራ ሥራ ነው የምታየው፣ ፊት አታይም።

«ኤንድ ዋት ዱ ዩ ሃቭ ፎር ሚ?»

ምን ይዘሽልኝ መጣሽ ማለቷ ነው። ባዶ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። የሹራቤን እጅጌ ጫፍ ያዘች፤ ልታነሳው ነበር፤ አውራ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። መልሳ ዳሰሰችው።

«እዚህ ጋ ብል በልቶት ነበር» አለች፣ በአማርኛ።

አምና የሸመንኩት ነው። ሜሮን አላየችውም፣ እኔ ራሴ ያለ መነጽር አላገኘውም። ከስንት ሺህ ልብስ ውስጥ እጄን ያገኘብኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ቀና አለች። «አስካለ» አለች። «እህ» አልኩ። ተሳሳምን፤ ይሄኛው የሠርግ በር ላይ መሳሳም አልነበረም።

ልጆቹ ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ነግራ አጠገቤ ተቀመጠች። መኪና ውስጥ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። «ጥሩዬ፣ ያን ቀን የተናገርኩሽን…» ብዬ ስጀምር ጉልበቴን ያዘችኝ።

«ቆይ፣ እኔ ልቅደም። ሳልናገረው ልሄድ ነው ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጧፉ የእኔ ነበር።»

«የቱ ጧፍ?»

«ኮትሽን ያቃጠለው። ሕፃኑን ለማየት ሳዘነብል ነው። ሸተተኝ፤ በመዳፌ ቸብ ቸብ አድርጌ አጠፋሁት። ያን ጊዜ ልነግርሽ ስል ዞረሽ ፈገግ አልሽልኝ፤ እንዴት ልናገር? ቤት ገብተን እጁ ይሰበር ብለሽ ስትጮሂማ ጭራሽ አበቃልኝ።» ግራ መዳፏን ገልብጣ አሳየችኝ፤ መሃሉ ላይ የነጣች ጠባሳ አለች። «ፀሐይዋን የሰፋሁልሽ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው። ስትለብሺው፣ ያቃጠልኩትም እኔ ነኝ፣ የካስኩትም እኔ ነኝ ልልሽ። አንቺ ተረተርሽው። አውቃብኛለች፣ ይቅርታሽን አልፈልግም እያለችኝ ነው ብዬ ነው የሄድኩት።»

«እኔ ምን አውቄ!» ድምፄ ከፍ አለ፤ ልጆቹ ቀና አሉ። «እኔ እኮ ድሪቶ ስላልኩሽ ቂም ይዘሽ መስሎኝ!»

«ድሪቶ ብለሽኝ ነበር?»

«አዎ! ድሪቶ አልኩሽ፣ ለማኝ አልኩሽ!»

ጥሩወርቅ ጣሪያውን እያየች አሰበች፣ አሰበች። «አላስታውሰውም» አለች።

ኧረ የኔ እናት! ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ልቤ ላይ የተቀመጠችውን ቃል የተባለችው ሰው አታስታውሳትም። የኔን ቃል ለብቻዬ ተሸክሜ፣ እሷ ደግሞ የራሷን ጧፍ ለብቻዋ ተሸክማ፣ እኔ ኦክላንድ፣ እሷ ሳን ሆዜ። መሳቅ ይሻላል ማልቀስ አላውቅም፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ መጡብኝ። «ይቅር ለእግዜር በይኝ» ብዬ እግሯ ላይ ልደፋ ዝቅ ስል፣ እሷም እኩል ዝቅ አለችና ግንባር ለግንባር ተጋጨን። ቋ! ክፍሉ ሁሉ ሰማ። ሊያ መርፌዋን ጥላ እየሮጠች መጣች፤ «ኦ ኖ፣ አር ዩ ኦኬ? ኮል ላድርግ? ናይን ዋን ዋን? አምቡላንስ?» ሁለታችን ወለሉ ላይ ተቀምጠን ግንባራችንን እያሸን መናገር እስኪያቅተን እንስቃለን። ሜሮን በር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ ስጠይቃት «አለርጂ ነው» አለችኝ።

ጥሩወርቅ ረቡዕ ዳላስ ሄደች። ማክሰኞ ሙሉ ቀን አብሬያት ዕቃ ሸከፍኩ፤ የክር ሳጥኗ ብቻ አንድ ሻንጣ ሞላ። ስለዚያ ማጠቢያ ቤት አወራን፣ ስለ ሮዙ የውስጥ ልብስ፣ ጠረጴዛ እየመታ ስለሚያጅበን ሽማግሌ። ወደ ቤት ስመለስ በመኪናው መስኮት ላይት ሬሉን፣ የከተማውን ባቡር፣ እያየሁ ነበር፤ ስንት ጊዜ እዚህ ከተማ ለሌላ ጉዳይ መጥቼ፣ ከቤቷ ሁለት ፌርማታ ላይ ወርጄ ተመልሻለሁ። እሱ ነው ያንገበገበኝ፤ አሁንም ያንገበግበኛል። ዕድሜያችንን በላነው፤ ይሄን ማንም አይመልስልንም።

አሁን በየቀኑ እንደዋወላለን። እኔም እሷ እንደምትለው ክር በሚታይ አሰፋፍ ልሞክር ብዬ የሜሮንን ሱሪ ጉልበት ሰፍቼ ትናንት ፎቶ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። «አስካለ፣ ፈርተሽ ነው የሰፋሽው። ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ሰማያዊ ክር! አሁንም ደበቅሽው እኮ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜዬ፣ እኔን፣ ስፌት! «ከአንቺ የሚያንስ እጅ የለኝም!» አልኳት። «ያነሰሽ እጅ አይደለም፣ ዓይን እንጂ» ብላ መለሰችልኝ። ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ኩሽና ውስጥ በንዴት ብቻዬን እያወራሁ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ከዚያ ቆምኩ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ይሄን ጸጥታ አውቀዋለሁ፤ እሷ ሻንጣዋን ይዛ የወጣች ቀን የነበረው ነው። ስልኩን አንስቼ ደወልኩ። ቮይስሜል ገባ፤ መልእክት ተዉ ይላል። እንደገና ደወልኩ፤ ቮይስሜል። ዘጋችብኝ፣ አበቃ፣ ደግሞ ልንጀምረው ነው አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ልሞክር ስል ስልኩ እጄ ላይ ጮኸ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለችኝ ጥሩወርቅ። «አሁን ሁለት ጊዜ ደወልኩልሽ፣ ቮይስሜል ነው የሚገባው!»